ሞላ ያልሞላው

ሽምብጥ ካለው ቤቴ፣ ከኩሽናው ጣሪያ ሥር፣
ከካቢኔው በላይ፣ ከኮርኒሱ ድንበር፣
አንዲት ክፍተት ነበረች፣ በጋ በጋ ምትስቅ፣
ክረምት የገባ ለት ከንፈር የምታጠብቅ።

መጀመሪያ ሳንቲም፣ ከዚያ የማንኪያ እጀታ፣
ጥር አጋማሽ ላይማ ጣቴ ይገባል ፈታ።
ከሐይቁ የሚመጡት እነዚያ ደቃቅ ትንኞች፣
ማታ መብራት ሳበራ፣ እንደ ሠርግ እድምተኞች፣
በእሷ ነበር መግቢያቸው። ጠዋት ከምድጃው ላይ
ክንፍ ብቻ እጠርጋለሁ፣
ክንፍ ብቻ፣ ባለቤቱን ሳላይ።

ፈንታሁን በሕይወቱ አንድ ዓመት አልዘለለም፣
ታኅሣሥ ሲመጣ ያን መሰላል ሲሸከም።
«ዘንድሮስ ጨረስኳት!» ይላል ከላይ ሆኖ፣
ስቱኮው ቅንድቡ ላይ እንደ ዱቄት በኖ።
ሐምሌ ይገባና ጣና ሞልቶ ሲያብጥ
ጣሪያው ዝቅ ይላል፤ ስቱኮው ፍርክስ፣ ፍርጥ።
ሾርባው ውስጥ ይወርዳል።
«ምን ጨመርሽበት?» ይለኛል።
«የአንተን ሥራ» እለዋለሁ።
ይበላዋል።

እሱ ከሞተ ወዲህ ተራው የኔ ሆነ፤
ጉልበቴ ቢከዳኝም ልቤ ግን ጨከነ።
ጥጥ ጠቀጠቅሁበት፣ ጋዜጣም አጠፍሁ፣
ሲሊኮን በቱቦ ከገበያ ገዛሁ።
ሻጩ «አይለቅም» ብሎ በእናቱ ምሎ ነበር።
ለቀቀ። ነጭ ክር ሆኖ ተንጠለጠለ ከዳር።
ይመናሹ ጎረቤቴ፣ «ተይው፣ ቤትም ያረጃል» አለች።
የእሷ ቤት ኮርኒስ የለው፤ ምን ታውቃለች?

አምና በየካቲት ሞላ የሚሉት መጣ፣
አናጢ ነው። ስሙን ስሰማ፣ ገና ሳይወጣ
መሰላሉን፣ ሳቅሁበት፤ «ይኸው ሞላ፣ ሊሞላ!»
ስቱኮ አልያዘም፣ ብሩሽም ሆነ ሌላ።
ባዶ እጁን ወጣና ጆሮውን አስጠጋ፣
እንደ ሐኪም ኳ ኳ፤ «እማማ፣ ይሄ በጋ
ጣሪያዎን ያነሣዋል። ውስጡ ያለው እንጨት
ሲደርቅ ቀስት ይሆናል፤ ክረምት ነው ሚያቃናት።
ክፈፉን የቸነከሩት ከግድግዳው ነበረ፤
ግድግዳ የት ይሄዳል? ጣሪያው ሲነሣ፣ ቀረ።»

ሚስማር በሚስማር ነቀለ።

ጥጤ መጣ፣ አቧራው መጣ፣ መጣ ጋዜጣዬ፣
የስንት ዓመት የትንኝ ክንፍ ወረደ ከላዬ፤
ከዚያም በአራት ታጥፎ፣ ስቱኮ የለሰነው፣
ትኬት። ሌላም ትኬት። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?
የእንቁጣጣሽ ሎተሪ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ።
«ትቻለሁ» ብሎኝ ነበር፣ አምኜው በቃሉ።
ያልወጣለትን ዕጣ ጣሪያ ሥር ሲቀብር
እኔ ከታች ሆኜ
መሰላሉን ደግፌ ይዤለት ነበር።

ሞላ ዝም አለ። እኔም ቁጥሮቹን አነበብሁ።
አንደኛው በልጃችን የልደት ቀን ያልቃል፤
ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

ከዚያ ክፈፉን አንሥቶ ከጣሪያው ጋር አሰረ፣
ከግድግዳው በኩል ግን አንድም ሚስማር አልነበረ።
«ከፍ ሲል ከፍ ይላል፣ ዝቅ ሲልም አብሮ፤
ከሚሄደው ጋር ነው» አለኝ፣ የተረፈውን ሚስማር ቆጥሮ።
«ትኬቶቹን ልጣላቸው?»
«የለም፣ እዚያው መልሳቸው።»
አየኝ። መለሳቸው።

ሐምሌ ሲዘንብ አድሮ፣ ሌሊት፣ ሲጥ የሚል ሰማሁ፤
ጣሪያው መውረዱ ነው። ገልበጥ ብዬ ተኛሁ።

አሁን ታኅሣሥ ነው። ክፈፉ ተነሥቷል ከፍ ብሎ፤
ክፍተት የለም ከላዩ። ከሥሩ ግን ግድግዳው፣
ክረምቱን ሙሉ የዘይት ጭስ ያልነካው፣
በስሱ ነጭ ሆኖ ይታያል፣
ሰዓት ያወለቁበት ክንድ መስሎ።